ገልብጠው ይዩት፦ የጣና ደሴቶችና ዳርቻ የእጅ ሥራ በጎንደር ገበያ

ፒያሳ ባሉት የስጦታ ዕቃ ሱቆችና በፋሲል ግቢ ዙሪያ በሚዘረጉት መደቦች ላይ "የጣና ሥራ" የሚባል ዕቃ ሞልቷል። ክንድ የማትሞላ ታንኳ፣ የደንገል ምንጣፍ፣ ባለወፍ ሙዳይ፣ የብራና ሥዕል፣ ከዋንዛ የተቀረጸ ጉማሬ። ሁሉም ጣናን ይመስላል። ሁሉም ግን ከጣና አልመጣም፤ ከጣና የመጣውም ሁሉ ክረምት አይሻገርም። ይህ ግምገማ የተጻፈው ሱቅ ውስጥ ቆሞ፣ ባለሱቁ ቡና እያስቀዳ፣ በሁለት ደቂቃ ውስጥ መወሰን ላለበት ገዢ ነው። ዕቃውን አንስተው ይገልብጡት። ፊቱ ላይ ያለው ወፍና ቀለም ለዓይን የተሠራ ነው፤ ሠራተኛው የታገሠውም የቸኮለውም ከሥሩ፣ ከጫፉና ከማሰሪያው ላይ ተጽፏል።

ከታንኳው እንጀምር፤ ሐይቁን እንደ እሱ የሚገልጽ ዕቃ የለምና።

የሚሠራው ከደንገል ነው። ደንገል በጣና ዳር ረግረግ ውስጥ የሚበቅል፣ አገዳው ሲቆረጥ ሦስት ማዕዘን የሚያሳይ፣ ከሰው ቁመት እጥፍ የሚያልፍ ተክል ነው፤ ሌላው ዓለም ፓፒረስ ይለዋል። ልጡ ጠንካራ ነው፤ ውስጡ ግን አየር ያዘለ ነጭ ስፖንጅ። ታንኳን የሚያንሳፍፈው ይህ አየር ነው። እንደ ጣውላ ጀልባ ውሃ አላስገባ ብሎ አይደለም፤ ውሃማ በእስሩ መካከል እንደልቡ ይገባል ይወጣል። ስለዚህ በትልቁ ታንኳ ላይ ሰውና ጭነት እንዳይርስ ከታችኛው እስር በላይ ሌላ ደንገል ይነጠፍበታል። ስፖንጁ ውሃ እየጠጣ ሲሄድ ታንኳው ይከብዳል፤ ባለቤቱም ከሥራ ሲመለስ ዳር አውጥቶ ፀሐይ ያስመታዋል። እንዲህም ተደርጎ ዕድሜው በወራት ነው የሚቆጠር። ሙያውን ጠብቀው ያቆዩት በሐይቁ ዳርቻ የሚኖሩት ነገደ ወይጦዎች ናቸው።

ሱቅ ውስጥ ያለችው ትንሿ ታንኳም በዚሁ ሥርዓት መሠራት አለባት። አገዳው ከሥሩ ይታጨዳል፤ ራሱ ላይ ያለው ጎፈሬ ይቆረጣል፤ ከዚያ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። አረንጓዴው ወደ ገለባ ቀለም እስኪለወጥ ድረስ በየጊዜው ይገላበጣል፤ ካልተገላበጠ መሬት የነካው ጎኑ ይጠቁራል። ደርቆ ሊታጠፍ ሲል ደግሞ ትንሽ ውሃ ይረጭበታል፤ ፍጹም የደረቀ ደንገል ሲጎብጥ ይሰበራል። ከዚያ ውፍረታቸው የተመጣጠነ እስሮች ይታሰሩና ጎን ለጎን ይያያዛሉ፤ የፊቱ ጫፍ እየቀጠነ ሄዶ ወደ ላይ ይሳባል።

የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ማድረቁ ላይ ነው። ሠራተኛው ቸኩሎ ግማሽ እርጥብ ደንገል ካሰረ፣ ዕቃው ሲሸጥ ጠንካራና ጠበቅ ያለ ይመስላል። ቤት ከገባ በኋላ ግን አገዳው ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ማሰሪያው ይላላል፣ እስሮቹ እንደ ተፈታ ነዶ ይበታተናሉ። ይህን ሱቅ ውስጥ ለመለየት ሦስት ነገር ያድርጉ። መጀመሪያ አውራ ጣትዎን በእስሩ መካከል አስገብተው ይጫኑ፤ የደረቀው ኮሽ ብሎ ይመለሳል፣ እርጥቡ ዝም ብሎ ይጎደጉዳል። ቀጥሎ የኋላውን የተቆረጠ ጫፍ ይዩ፤ ውስጡ ነጭ ወይም ክሬም መሆን አለበት፤ ግራጫ ወይም ጥቁር ነጥብ ካለበት ሻጋታ ገብቶበታል፣ ከውጭ ቢወለውሉት አይለቅም። በመጨረሻ ያሽትቱት። ጥሩ ደንገል የገለባ ሽታ አለው፤ የጓዳ ሽታ ከሸተተ ይመልሱት።

ማሰሪያው ሌላ ወሬ ይነግራል። በደንገሉ በራሱ ልጥ ወይም በቃጫ የታሰረ ታንኳ ከአካሉ ጋር አብሮ ይላላል አብሮ ይጠብቃል። ናይለን ገመድ ግን አይንቀሳቀስም፤ ደንገሉ በክረምት ሲያብጥ ገመዱ ይቆርጠዋል፣ በበጋ ሲኮማተር ገመዱ ይንሸራተታል። ናይለኑን ለመደበቅ ከላይ በልጥ የሚጠቀለልበት ጊዜ ስላለ፣ አሁንም ገልብጠው ከሥር ይዩ፤ ቋጠሮው ያለው እዚያ ነው። በሙጫ የተያያዘ ከሆነ ደግሞ የሚያብረቀርቅ ጠብታ ከታች ያገኛሉ። ሙጫ ያለበት ታንኳ ለመደርደሪያ ይሆናል፤ "ውሃ ላይ ይንሳፈፋል" እየተባለ በዚያ ዋጋ ሊሸጥልዎት ግን አይገባም።

ሌላ ትንሽ ምልክት፦ ቀዛፊ የተቀመጠበት ታንኳ ከሆነ በእጁ የያዘውን ይመልከቱ። የጣና ባለታንኳ የሚቀዝፈው ብዙውን ጊዜ በረጅም የቀርከሃ ዘንግ ነው፤ አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ እያለ። ጫፉ እንደ ማንኪያ የሰፋ መቅዘፊያ የተሰጠው ሰውዬ ከሌላ አገር ፎቶ የተቀዳ ነው። ዕቃውን አያበላሸውም፤ ሠሪው ታንኳ አይቶ አያውቅም ማለት ግን ነው፣ እስሩንም እንደዚያው ነው የሚያስረው።

በእኛ ግምት ከአምስቱ ዕቃ ሁሉ ለዋጋው የሚበጀው በልጥ የታሰረ፣ ያልተቀባ ታንኳ ነው። ቫርኒሽ የተቀባውን አንመክርም። ቫርኒሹ በውስጥ የቀረውን እርጥበት ያፍነዋል፣ ሻጋታውም ከማይታይበት ቦታ ይጀምራል።

የደንገል ምንጣፍና ቅርጫት ላይ ብዙ የሚባል የለም። ለታንኳው የተባለው የማድረቅ ነገር እዚህም ይሠራል፤ ተጨማሪው ጠርዙ ነው። ጠርዙ ተመልሶ ወደ ውስጥ የተሰፋ ምንጣፍ ይቆያል፤ ጠርዙ በመቀስ ተቆርጦ የቀረ ከሆነ ከዳር ጀምሮ ይተረተራል። "ከእምቦጭ የተሠራ" የሚባል ቅርጫት ካጋጠመዎት በሐሳቡ አይሳቁ። እምቦጭ እ.ኤ.አ. በ2011 በጣና ከታየ ወዲህ የደንቢያንና የጎንደር ዙሪያን ዳርቻ አስጨንቋል፣ የደረቀ አገዳውም ይሸመናል። ችግሩ ይህ አረም ከአሥር እጅ ዘጠኙ ውሃ መሆኑ ነው፤ ሲደርቅ እንደ ክር ይቀጥናል። ስለዚህ በደንብ ሳይደርቅ የተሸመነ የእምቦጭ ቅርጫት ከደንገሉ ይልቅ ፈጥኖ ይላላል። እጀታውን ይዘው ወዝወዝ ያድርጉት፤ እጀታው ከአካሉ ጋር ሳይሆን ብቻውን ከተንቀሳቀሰ ይተውት።

አሁን ወደ ስፌቱ። መሶብ፣ ሌማት፣ ሙዳይ፣ አገልግል በጣና ዳርቻም በጎንደር ገጠሮችም ይሰፋል፤ "የደሴት መሶብ" ተብሎ በተለየ ዋጋ የሚሸጥ ካለ ባለሱቁን ፈገግ ብለው ይለፉት። ስፌትን ስፌት የሚያሰኘው የሣሩ ዓይነትና የሰፊዋ እጅ ነው። ውስጡ እምብርት ሆኖ የሚዞረው ስንደዶ ነው፤ በላዩ የሚጠመጠመው አክርማ፤ ቀለም የገባው አክርማ አለላ ይባላል። ስንደዶና አክርማ የሚቀጠፉት ክረምቱ ሲወጣ፣ ነሐሴ መጨረሻና መስከረም ላይ ነው። ወቅቱ ያለፈበት አክርማ እንጨት ይሆናል፤ ሲሰነጠቅ ወጥቶ ወጥቶ ይቆረጣል፣ በወስፌ ቀዳዳ ሲገባም ይላጣል። ስለዚህ ሰፊዋ እዚያው ካለች፣ "እትዬ፣ አክርማው መቼ ነው የተቀጠፈ?" ብሎ መጠየቅ ከዋጋ ክርክር ይቀድማል። ሙያውን የምታውቅ ሴት በዚህ ጥያቄ ፊቷ ይፈታል፤ የገዛችውን የምትሸጥ ደግሞ ወሬ ትቀይራለች።

መሶቡን ሲያነሱ መጀመሪያ ክዳኑን አውልቀው ወደ ብርሃን ያንሱት። በዙሮቹ መካከል የብርሃን ነጥብ ካዩ ስፌቱ ሳሳ ያለ ነው። ከዚያ ገልብጠው መነሻውን፣ ማለትም ስፌቱ የጀመረበትን መሐል ይዩ። መነሻው ክብ፣ ጥቅጥቅና ጠፍጣፋ መሆን አለበት። መነሻው ላይ ጉብታ ወይም ቀዳዳ ካለ ዙሩ ሁሉ እሱን ተከትሎ ይጣመማል፣ መሶቡም ጠረጴዛ ላይ ይንገዳገዳል። ይህ በኋላ የማይስተካከል ጉድለት ነው። ቀጥሎ ከላይ ወደ ታች የስንደዶውን ውፍረት በጣትዎ ይከተሉ። ውፍረቱ አንዴ ቀጭን አንዴ ወፍራም ከሆነ ሰፊዋ ስንደዶ ስትጨምር አልመጠነችም፤ ቅርጹም ሆድ ያወጣል። ክዳኑን ገጥመው ሩብ ዙር ያዙሩት፣ እንደገና ሩብ ዙር ያዙሩት። በአንዱ አቅጣጫ ብቻ የሚገጥም ክዳን ክብነቱን ስቷል።

ቀለሙ ላይ ከታንኳው የባሰ ማታለል አለ። አክርማ የሚቀለመው ቀለሙ በተበጠበጠበት የፈላ ውሃ ውስጥ ነክሮ በማፍላት ነው። ወጥቶ በቀዝቃዛ ውሃ ትርፉ እስኪለቅ መታጠብ፣ ከዚያ ጥላ ላይ መድረቅ አለበት። አልፈላ እንደሆነ ቀለሙ ላዩን ብቻ ይይዛል፤ አልታጠበ እንደሆነ ትርፉ እንጀራው ላይ ያርፋል። ነጭ ሶፍት በምራቅ ሳይሆን በውሃ አርጥበው ከክዳኑ ውስጠኛ ጠርዝ ላይ አሥር ሰኮንድ ይጫኑት። ትንሽ ጥላ ቢመስል ይታገሡ፤ ሐምራዊ ወይም ቀይ ሆኖ ከወጣ ለእንጀራ አይሆንም፣ ለግድግዳ ከፈለጉት ደግሞ ዋጋው ይውረድ። በርካሽ ቀለሞች ደማቅ ሮዝና ሐምራዊ ቀድመው ይነጣሉ። ከመስኮት ፊት ለፊት ለወራት የተሰቀለ መሶብ ፊቱና ጀርባው ሁለት ዓይነት ነው፤ ይህን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፣ እዚያው ሱቅ ውስጥ በር ላይ የተሰቀለውን አዙረው ይዩት።

ወፍ፣ ዓሣና ጉማሬ የተሰፋባቸው ሙዳዮች በቅርብ ጊዜ በዝተዋል። ስፌት የሚሄደው በዙር ስለሆነ ክብ መስመር ሁሉ እንደ ደረጃ ይሰባበራል። በአንገታም ወፍ ላይ ይህ ነገር ያምራል፤ ጉማሬ ላይ ሲሆን ግን ሳጥን ይመስላል። ጎበዟ ሰፊ ይህን ታውቃለች። እንስሳውን በወጉ ከመሳል ይልቅ ክንፉን ሦስት ማዕዘን፣ ውሃውን የሽብልቅ መስመር አድርጋ ታሳጥረዋለች። አሮጌዎቹ የመሶብ ጌጦች፣ ሽብልቁና አልማዙ፣ ከዚህ የመጣ ብልሃት ያላቸው ናቸው፤ እኛ ባለወፉን ትተን እነዚያን እንመርጣለን። አምሮትዎ ወፉ ከሆነ ግን፣ የወፉ ዓይን ባለበት ዙር ላይ ጀርባውን ይዩ። ዓይኑ በሌላ ክር ከላይ ተሰፍቶ የተጨመረ ከሆነ በአንድ ዓመት ውስጥ ይወልቃል።

አንድ ትልቅ መሶብ ከቤት ሥራ በተረፈ ጊዜ ሲሰፋ ሳምንታት ይፈጃል፤ ዋጋ ሲከራከሩ ይህን ልብ ይበሉ። ለመሶብ ከፒያሳ ይልቅ ቅዳሜ ገበያን እንመክራለን። እዚያ የሚሸጠው ሰፌድ፣ እንቅብና ሌማት ለጎንደር ቤት ተብሎ የተሰፋ ነው፤ ገዢዋም እንደ እርስዎ በዓይኗ ሳይሆን በጥፍሯ የምትፈትሽ ናት፣ መጥፎ ስፌት እዚያ አይበረክትም።

ብራናው ላይ ግን ረዘም አድርገን እንቆይ፤ ብዙ ገንዘብ የሚጠፋው እዚህ ነው።

ብራና አብዛኛውን ጊዜ የፍየል ቆዳ ነው። ቆዳው ለቀናት ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፤ ከዚያ ጠርዙ እየተበሳ በእንጨት መወጠሪያ ላይ ይወጠራል፤ ሥጋና ስቡ በስለት ይፋቃል፤ ይታጠባል፤ ፀጉሩ ይላጫል፤ በመጨረሻ ቀዳዳ በበዛበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ይታሻል። ሁሉም ተወጥሮ ሳለ ነው የሚደረገው፤ ሳይወጠር የደረቀ ቆዳ ሌጦ እንጂ ብራና አይሆንም። በአውሮፓ እንደሚደረገው ቆዳውን በኖራ መዘፍዘፍ በእኛ አገር ልማድ የለም፤ ስለዚህ ፋቂው በስብ ላይ ከቸኮለ የሚያስተካክለው ነገር አያገኝም። ስብ የቀረበት ቦታ ላይ ቀለም አይይዝም፤ ጊዜ ሲያልፍም ቢጫ ቅባት ወደ ላይ ይወጣል። ብራናውን ወደ መስኮት አንስተው ይዩ። እውነተኛው ያልተስተካከለ ብርሃን ያሳልፋል፣ የደም ሥር መንገድና የፀጉር ሥር ነጠብጣብ በአንድ በኩል ይታያል። ብርሃኑን ወጥ አድርጎ የሚያሳልፍ ከሆነ ሌላ ነገር ነው። ጥርጣሬ ከቀረዎት በማዕዘኑ ላይ በአፍዎ ሞቅ ያለ ትንፋሽ ይልቀቁበት፤ ብራና እርጥበት ሲያገኝ ቶሎ ይጎብጣል። ባለሱቁ ይህን ሲያዩ ይስቃሉ፤ ይሳቁ።

ከጣና ገዳማት የመጻሕፍት ጌጥ የተቀዳ የሚባለው ሥራ አብዛኛው ሐረግ ነው። ሐረግ ስሙን ያገኘው ከሚጠመጠመው ተክል ነው፤ በመጽሐፉ ገጽ ራስ ላይ በቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ እየተጠላለፈ ይሄዳል። ጥሩ ሐረግ አንድ ሕግ አለው፦ አንዱ መስመር ሌላውን አንዴ ከላይ ካለፈ ቀጥሎ ከታች ነው የሚያልፈው። አንዱን መስመር መርጠው በትንሽ ጣትዎ ይከተሉት። ሁለት ጊዜ በተከታታይ ከላይ ካለፈ ወይም መሐል መንገድ ላይ ከጠፋ፣ ሠዓሊው መልኩን ቀድቷል፣ አሠራሩን አያውቅም። በወንጌል መጻሕፍት መግቢያ ላይ ያሉት፣ የአራቱን ወንጌሎች ተመሳሳይ ክፍሎች የሚያመሳክሩት የአውሳብዮስ ሰንጠረዦች ደግሞ በዓምድና በቅስት ተከበው፣ ከቅስቱ ራስ ላይ ወፎች ይቆሙባቸዋል። በጎንደር ሱቆች ካሉት ሥራዎች ሁሉ ዓይናችንን የሚይዘው ይህ ነው፤ ወፎቹ ቀልጣፋ፣ ዓምዶቹ በአበባ የተሞሉ። ሊቃውንቱ ለመጻፊያ የሚጠቀሙበት መቃ ብዕር የሚተወው መስመርም ሌላ ምስክር ነው። መቃ ሲሄድ መስመሩ አንዴ ይሰፋል አንዴ ይጠባል፤ ከዳር እስከ ዳር አንድ ውፍረት ያለው ጥቁር መስመር ማርከር ነው፣ ማርከር ደግሞ ብርሃን ሲያገኘው ወደ ወይን ጠጅ ወይም ቡኒ ይሸሻል።

"የናርጋ ሥላሴ ቅጂ"፣ "የደብረ ሲና ቅጂ" ተብሎ ሲሸጥ የአሳሳሉን ዘመን ያገናዝቡ። በጣና ሰሜን ዳርቻ በጎርጎራ ያለችው የደብረ ሲና ማርያም ሥዕሎች ወደ መጀመሪያው የጎንደር አሳሳል ያደላሉ፤ ጀርባው ወጥ ቀለም፣ የልብሱ እጥፋት ጎን ለጎን የተሰመረ መስመር፣ ፊቱ ጥላ የሌለው። በጣና ደሴት ያለችው ናርጋ ሥላሴ በ18ኛው ክፍለ ዘመን በእቴጌ ምንትዋብ የታነጸች ናት፤ በዚያ ዘመን የመጣው ሁለተኛው አሳሳል ፊቱን በጥላ ያበዛል፣ ጀርባውን ከቢጫ ወደ ቀይ ወይም ወደ አረንጓዴ እያደበዘዘ ያሻግራል፣ ልብሱን በአበባ ይሞላል። ሁለቱ በአንድ ሥዕል ላይ ተደባልቀው ካገኟቸው ቅጂው ከስልክ ላይ ተሰባስቦ የተሠራ ነው። ይህን መለየት ለሴት ገዢዎች ይበልጥ ይጠቅማል፤ የጣና ገዳማት የሆኑት ዳጋ እስጢፋኖስና ክብራን ገብርኤል ሴት ስለማያስገቡ፣ ሱቅ ውስጥ ያለውን የእነሱን ቅጂ ከዋናው ጋር በዓይን ማመሳከር አይችሉምና።

ብዙ ገዢ የማያውቀው ነገር ደግሞ አለ። የገዳማቱ የግድግዳ ሥዕል በብዛት የተሳለው በጥጥ ጨርቅ ላይ ነው፤ ጨርቁ ከጭቃው ግድግዳ ጋር ይለጠፋል። እንግዲህ የግድግዳ ሥዕል ቅጂ የሚፈልግ ሰው ለብራና ተጨማሪ የሚከፍልበት ምክንያት የለም፤ በአቡጀዲ ላይ የተሳለው ለዋናው የቀረበ ነው፣ ዋጋውም ይቀላል፣ ለጉዞም አይቸግርም። ብራና የመጽሐፍ ነው፤ ብራና ሲገዙ የመጽሐፍ ጌጥ ይግዙ። በተለይ ወፍራም አክሪሊክ የተቀባ ብራና አይግዙ። ቆዳው በክረምት ይለጠጣል፣ በበጋ ይሰበሰባል፤ የደረቀው የፕላስቲክ ቀለም ግን አብሮት አይሄድም፣ ስለዚህ ከእጥፋቱ ላይ ቅርፊት እየሆነ ይረግፋል። ማዕዘኑን በስሱ ጎበጥ አድርገው ድምፅ ያዳምጡ፤ ቅርፊቱ ከተሰነጠቀ ይሰማል።

በጭስ ጠቁረው "ከገዳም የወጣ አሮጌ" ተብለው ስለሚቀርቡት ብራናዎች አንድ ነገር ብቻ። አዲስ ከሆነ ተታለዋል፤ እውነት አሮጌ ከሆነ ደግሞ ከአገር ማውጣት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ የተከለከለ ቅርስ ነው። በሁለቱም መንገድ ገንዘብዎን ያጣሉ። አዲስ የሆነ ጥሩ ሥራም ሲገዙ ቢሆን ባለሱቁ ቀን፣ የዕቃውን ዓይነትና ዋጋ የያዘ ደረሰኝ ይስጡዎት፤ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ አሮጌ የሚመስል ብራና ለያዘ ሰው ያ ወረቀት ያሳርፈዋል።

የዋንዛ ቅርጾች ላይ፣ ጉማሬውም ፔሊካኑም፣ አጭር እንሁን። ዕቃው ከአንድ ወጥ ግንድ ከተቀረጸ ከሥሩ የዕድሜ ቀለበቶቹ ይታያሉ። የቀለበቶቹ እምብርት በቅርጹ ውስጥ ካለ፣ እንጨቱ ሲደርቅ ከእምብርቱ ወደ ውጭ መሰንጠቁ አይቀርም፤ እምብርቱ የወጣለትን ይምረጡ። ጣና ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ፣ ጎንደር ደግሞ ከ2,100 በላይ ነው፤ በሐይቁ እርጥበት የተቀረጸ እንጨት በበጋ ጎንደር ሲደርስ ነው መሰንጠቅ የሚጀምረው፣ ሱቁ ውስጥ ሦስት ወር የቆየ አሮጌ ዕቃ ከትናንት መጤው ይሻላል። የጠቆረውን በእርጥብ ጥጥ ይጥረጉ፤ ጥጡ ከጠቆረ የጫማ ቀለም ነው። ከሥሩ ዱቄት የሚያራግፍ የመርፌ ቀዳዳ ካለ ብል በልቶታል፣ ቤትዎ ይዘውት ከገቡ ሌላውንም ዕቃ ይበላል። የጉማሬ ጥርስ፣ የዝሆን ጥርስ፣ የነብር ቆዳ ከቀረበልዎት ዋጋ እንኳ አይጠይቁ።

ሸክላ የጣና ሥራ ተብሎ ሲሸጥ ብዙውን ጊዜ ከጎንደር በስተሰሜን በደባርቅ መንገድ ካለችው ከወለቃ የመጣ ነው። ጥሩ ሸክላ ነው፤ በስሙ ይሽጡት።

አቅም ላለው ሰው ደንገሉን ከምንጩ ማየት ይሻላል። ከጎንደር በአዘዞና በቆላ ድባ አድርጎ ጎርጎራ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እዚያ የሚገዛ ታንኳ ግን አዲስ የተሠራ ስለሚሆን የመድረቁን ፈተና አጥብቀው ይያዙ፤ በዚህ በኩል የጎንደር ባለሱቅ መደርደሪያ ያገለግላል፣ የሚላላው እዚያው ላልቶ ታይቷል። እንደ እኛ ግምት ታንኳና የመጽሐፍ ጌጥ ከፒያሳ፣ ስፌት ከቅዳሜ ገበያ፣ ሸክላ ከወለቃ።

ወደ ቤት ሲወስዱ ታንኳውን በፌስታል አይጠቅልሉት፤ ጋዜጣ ይበቃዋል። አቡጀዲውን የሚጠቀልሉት የተቀባው ፊት ወደ ውጭ ሆኖ በወፍራም ቱቦ ላይ ነው፤ ቀለሙ ወደ ውስጥ ከሆነ ተጨማድዶ ይሰነጠቃል። ብራና አይጠቀለልም፤ በሁለት ካርቶን መካከል ተኝቶ ይሄዳል፣ ሲሰቀልም ከመስታወቱ ጋር እንዳይነካካ በዳሩ ክፍተት ይተውለታል፣ ከጀርባው ከላይ ሁለት ቦታ ብቻ ይያዛል። ሙሉውን በሙጫ ከለጠፉት በመጀመሪያው ክረምት ይጨማደዳል። ሰኔ ሲገባ የደንገልና የስፌት ዕቃ ከግድግዳ ሦስት ጣት ያህል ርቆ ይሰቀል፤ ከሲሚንቶ ግድግዳ ጋር የተጣበቀ ዕቃ ጀርባው መጀመሪያ ይሻግታል። ሻጋታ ካዩ በውሃ አይጠቡት፣ በደረቅ ብሩሽ ከቤት ውጭ ጠርገው ጥላ ያለበት ነፋሻ ቦታ ላይ ያቁሙት። መስከረም ላይ ፀሐይ ሲወጣ ታንኳውን ለግማሽ ቀን አውጥተው ገልብጠው ያስቀምጡት፤ ባለቤቱ ጣና ዳር እንደሚያደርገው።